አንድ ጆንያ የዶሮ ኩስ ይዤ ወደ ጉና

ከጉና ሥር ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ «አገሩ እንዴት ነው?» ባሉኝ ቁጥር «ብርድ ነው» ብዬ እሸሻለሁ። ከዚያ በላይ ካወራሁ ቱግ እንደምል ስለማውቅ ነው። ግን ሆድ ስንት ይችላል! ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ ደብረ ታቦርን አልፋችሁ ያንን ዳገት የምትወጡበት ጉዳይ ያላችሁ አይመስለኝም፤ ስለዚህ የሄድኩበትን መንገድ፣ የበላሁትን፣ የሞቅሁትንም ጭምር እንደ ቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ። የተራራውን ውበት የምትፈልጉ ሌላ ሰው ጠይቁ። እኔ የሄድኩት ለፍግ ነው።

ሟቹ ባለቤቴ ይርጋ የዚያ አገር ልጅ ነበር። የአባታቸውን መሬት የሚያርሰው ታናሽ ወንድሙ ደሴ ነው። ይርጋ በሕይወት ሳለ አፉን ሞልቶ የሚያወራው ከቤቱ ርቃ ዳገቱ ላይ ስላለችው የገብስ መሬት ነበር፤ ላይኛው ማሳ ይሏታል። ያቺ መሬት ግን ደክማለች። እበቱ ሁሉ ደርቆ ኩበት ይሆንና ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ለማሳው የሚደርሰው ከገበሬዎች ማኅበር የሚመጣው ዳፕና ዩሪያ ማዳበሪያ ብቻ ነው። አፈሩ አመድ መስሏል፣ የሚይዘው ነገር ያጣው ማዳበሪያም ከዝናቡ ጋር ታጥቦ ወንዝ ይወርዳል። ባለፈው መኸር ደሴ ደወለና «እትዬ፣ አንድ ዓመት ልሞክራት፤ እንቢ ካለችኝ ባህር ዛፍ እተክልባታለሁ» አለኝ።

ጮህኩበት። ባህር ዛፍ አንዴ ሥር ከሰደደ ያቺ መሬት ተመልሳ ገብስ እንደማታይ እሱም አላጣውም። በቀበሌያቸው ያለችው የግብርና ሠራተኛ «ፍጉንና ማዳበሪያውን ግማሽ በግማሽ አድርጉት፤ ፍጉ አፈሩን ያለሰልሰዋል፣ ውሃውንም ማዳበሪያውንም ይዞ ያቆይላችኋል» ብላ መክራው ኖሯል። በዚህ ተስማማን። እሱ በጋውን ሙሉ የከብቱን እበትና የበጉን በጠጥ ሳያነድ ሊከምር፣ ዘር ሲደርስ ደቦ ጠርቶ ላይኛው ማሳ ሊያደርስ፤ እኔ ደግሞ ከዶሮዎቼ ድርሻዬን ይዤ ልመጣ። የይርጋ መሬት ናትና ቆሜ ሲበተን ማየት ፈለግኩ።

ሰኞ ተነሣሁ። እኔ ቢሾፍቱ ዶሮ አረባለሁ፤ የዶሮ ኩስ በእኛ ሰፈር «እባካችሁ ውሰዱልኝ» ተብሎ ሰው የሚለመንበት ነገር ነው። አንድ ጆንያ አድርቄ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ አፉን ሰፍቼ አዲስ አበባ መናኸሪያ አደረስኩት። ረዳቱ ከአውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ ሲከተው አፍንጫውን ነፋ አድርጎ «ማዘር፣ ምንድነው ይሄ?» አለኝ። «የዘመድ አደራ ነው» አልኩት። አልዋሸሁም።

እስከ ጎሃ ጽዮን ሰላም ነበርን። ዓባይ በረሃ ስንገባ ሙቀቱ አደራዬን ቀሰቀሰው። ከኋላዬ ያሉት ባልና ሚስት «አንድ ነገር ሞቶ ተጭኗል» እያሉ ይንሾካሾካሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው በዓይናቸው ጥፋተኛ ይፈልጋሉ። እኔም እንደ ሰው አፍንጫዬን ይዤ «ኧረ ምን ጉድ ነው!» ስል ዋልኩ። ፍተሻ ላይ ግን ጉዴ ፈላ። ዕቃው ወርዶ አንዱ ፈታሽ ጆንያዬን በዱላ ነካ ነካ አደረገና «የማን ነው?» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ውስጡ ምንድነው?»

«የዶሮ ኩስ።»

«ከየት?»

«ከቢሾፍቱ። ጉና ሥር ለዘመዶቼ ነው፤ ለማሳ።»

ሰውዬው ጆንያውንም እኔንም አየና «እዚያ ከብት የለም እንዴ?» አለኝ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ንድድ አለኝ። አሁን ሳስበው ግን በመንገዱ ሁሉ ቁምነገር የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ባህር ዳር ሲመሽ ገባን። መናኸሪያው አጠገብ ያለው አልጋ ቤት እኔን ተቀብሎ ጆንያዬን አልቀበልም አለ። የቤቱ ባለቤት፣ ወፍራም ደግ ሴትዮ፣ ከብዙ ልመና በኋላ ከውሻው ጎን እንዲያድር ፈቀዱ። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ።

ማክሰኞ ከባህር ዳር በሚኒባስ። አጠገቤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ነበሩ፤ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሊታጠቡ ይሄዳሉ። ሐሙሲት ሲወርዱ «ልጄ፣ ይህንን የሚሸት ነገር ጥለሽ ከእኔ ጋር ነይ ታጠቢ፤ ላንቺም ይሻልሻል» አሉኝ። ምነው በሰማኋቸው! ወረታን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ጎማ ፈነዳ፤ ትርፉ ጎማም ነፋስ አልነበረውም። ሾፌሩ ጎማ ፍለጋ ሲሄድ ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንዲት ሴት ወጥታ ሁላችንንም ጥላ ሥር አስቀመጠችን። ቆሎ በሰፌድ፣ ውሃ በጣሳ እያመላለሰች «አይዟችሁ፣ ይመጣል» ትለናለች። እኛ ሰፈር መኪና ቢበላሽ የሚወጣው ሰው ስልኩን ይዞ ሊቀርጽ ነው። እግዜር ይስጣት።

ደብረ ታቦር ምሳ በልቼ፣ ሹራቤ ላይ ሌላ ሹራብ ደርቤ፣ ወደ ገሳይ የሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። ደሴ ገሳይ አስፋልቱ ዳር በቅሎና አህያ ይዞ ቆሟል። ከይርጋ ቀብር ወዲህ አልተያየንም፤ ፊቱ ያንን ሟቹን ቁርጥ። ጉንጬን እየሳመ «እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? መንገዱ ጎዳዎት? እንዴት ከረሙ?» ይለኛል፤ እኔ አለቅሳለሁ። ጆንያውን አየና «ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው ተሸክመው መጡ?» ብሎ እሱም ዓይኑ እንባ አቀረረ። ገሳይ አንድ ወዳጁ ቤት የድንች ወጥ በልተን አደርን።

ረቡዕ ጠዋት ኩሱ በአህያ፣ እኔ በበቅሎ። በቅሎዋ ወንዝ በተገኘ ቁጥር ቆማ ታስባለች፤ ደሴ ይለምናታል፣ እኔ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ከፍ እያልን በሄድን ቁጥር ዛፍ እየጠፋ ሄደ፤ ያለውም እዚህም እዚያም ለሽያጭ የተተከለ የሌላ ሰው ባህር ዛፍ ነው። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሴቶች ሁሉ ጀርባቸው ላይ ኩበት ነበር። እኔ ቤት ቡታጋዝ አለ፣ ጋዙ ባለቀ ጊዜ ደግሞ ከሰል አለ፤ ያም ሆኖ ስማረር እውላለሁ።

ከቤት ስንደርስ የደሴ ሚስት የሺ ሮጣ ወጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ብርዱ አጥንቴ ገብቶ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አይታ «ውይ በሞትኩት! እትዬን ብርድ ገደለብኝ!» ብላ ምድጃውን አነደደችው። ውሃ አሙቃ እግሬን በገንዳ አጠበችኝ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሌላ ሙቅ ጨመረችበት። ከዚያ እንጀራ፣ ከዚያ፣ ሃምሳው አልወጣምና ጾም የለም፣ ትኩስ ወተት፣ «አፈር ስሆን ይድገሙ» በላይ በላዩ። በልጅነቴ እናቴ ቤት እንኳ እንዲህ አልተቀማጠልኩም።

ስሞቅ ደሴ ከቤቱ ጀርባ ወስዶ ክምሩን አሳየኝ። ከሰው ቁመት በላይ ነው! ዝናብና ፀሐይ ኃይሉን እንዳይወስድበት የግብርና ሠራተኛዋ ባለችው መሠረት በሣር ከድኖታል። በጋውን ሙሉ ከብቱ ያደረበትን እየጠረገ፣ የሺ እበት ስትጠፈጥፍ እየተቆጣ ያጠራቀመው ነው። «ይህ ላይኛው ማሳን ያዳርሳል፤ ዓርብ ደቦው ይመጣል» አለኝ። እጁን ሳምኩት። ይርጋ ባየህ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ቤቱ የድግስ ቤት ሆነ። ደቦ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጉልበቱን በነፃ ይዞ ይመጣል፣ ባለቤቱ አጥግቦና አጠጥቶ ይመልሰዋል። ጠላው እኔ ከመምጣቴ በፊት ተጠንስሷል። ሊያግዙ የመጡት የጎረቤት ሴቶች ይጋግራሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፤ ሁለት ምድጃ ያለማቋረጥ ይነዳል። ከሰዓት ዝናብ ጣለና ደጅ የተደረደረውን ኩበት አበሰበሰው። እኔ ከእሳቱ አጠገብ አልነቃነቅ ብዬ ሽንኩርት ልጣለሁ።

«የሺ፣ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?» አልኳት። «ቆሎና ጠላ ብታቀርቢስ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሺ ሳቀች፤ ግን ከአንገት በላይ ነው። «እትዬ ደግሞ! ደቦ ጠርቼ ቆሎ? ሰው ምን ይለናል? ለአረሙስ፣ ለአጨዳውስ ማን ይመጣልናል?»

እንግዳ ነኝና ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ። ከሰዓቱ ዝናብ በኋላ የግብርና ሠራተኛዋ ጭቃዋን እየረገጠች መጥታ በመንገዱ በኩል ክምሩን አየችና «እንዲህ አድርጎ የጠበቀ ሰው አላየሁም፤ ለሌላውም አሳያለሁ» ብላ ደሴን አመሰገነችው። ደሴ አፍሮ መሬት መሬት ያያል።

ዓርብ ማለዳ የደብሩ ደወል ተደወለ። ከወንዝ ማዶ ያሉ አንዲት አሮጊት አርፈዋል። ደቦው ለቀብር ሆነ። መቼም ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፣ መሬት አይነካም፤ ስለዚህ ለሰኞ ተዛወረ። የተጋገረው እንጀራና ወጡስ? የሺ ለአፍታም አላሰበችም። «እዝን ነው» ብላ በሌማት በሌማቱ አሸክማ ሐዘን ቤት አስገባችው። እኔም አብሬ ተሸከምኩ፤ ደግነቷ አስለቀሰኝ። ቢሾፍቱ ለሐዘን ዕድር አለ፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወጥ ቤት ይቀጠራል። እንዲህ የራሱን ድግስ አንስቶ የሚሰጥ ግን እኔ አላየሁም።

ቅዳሜ ዘነበ። ከምድጃው ሥር ዋልኩ። የሺ «ይበርድዎታል» እያለች ትጨምርበታለች፤ እኔ «ተባረኪ» እላለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ተመልሰው መጡ፤ ድግሱ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ያ ኩበት በዝናብ እየራሰ ሳለ ይህ ምድጃ በምን እንደሚነድ ሰው አይጠይቅም? እኔ አልጠየቅኩም። ሞቆኛል፣ ጠግቤያለሁ፣ ምን አስቤ እጠይቃለሁ!

ሰኞ ሰማዩ ጠራ። ደቦው ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ደረሰ፤ አህያ፣ ጆንያ፣ አካፋ፣ ሳቅ፣ ፉከራ። ከቤቱ ጀርባ ተሰበሰብን። ደሴ አማተበና የክምሩን የሣር ክዳን አንስቶ ወረወረው።

ክዳኑ ሥር ምንም አልነበረም። በመንገዱ በኩል እንደ ግድግዳ የቆመች ስስ ገጽ አለች፤ በጓዳው በር በኩል ግን ክምሩ በዶማ ተፈልጦ፣ ተፈልጦ፣ ተቦርብሯል። አንድ ጎልማሳ አካፋውን ሲያሳርፍበት ያቺ ግድግዳ ተንዳ እግራችን ሥር ወደቀች።

ጓዳው በር ላይ ከቆሙት ሴቶች አንዷ «እኔ አንድ ቅርጫት ነው የወሰድኩት» አለች። ሌላዋም «እኔም አንድ ሁለት» አለች። ለካ ዝናቡ ደጅ ያለውን ኩበት ሲያበሰብሰው በመንደሩ ደረቅ ሆኖ የቀረው፣ በሥነ ሥርዓት የተከደነው የደሴ ፍግ ብቻ ነበር። እያንዳንዷ ትንሽ የወሰደች መስሏት ነው። ደሴ ደግሞ ደቦ ሲጠራ፣ ማዳበሪያ ሲያስመጣ፣ መቃብር ሲቆፍር ወደዚያ በኩል ዞሮ አላየም።

እኔ ግን ፈነዳሁ። ሰው አለ የለም አላልኩም። «የሺ! ምን አደረግሽ? የዓመት ልፋቱን በላሽው! ይህን ሁሉ ሰው ጠርታችሁ ምን ልታሸክሙት ነው?»

የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከአክብሮቷ ሳትወርድ፣ «እትዬ፣ ደቦ ጠርቼ ጾሙን ልመልሰው? በምን ልጋግርለት?» አለችኝ። ደግሞም ጨመረችበት፤ «እርስዎስ በምን ሲሞቁ ሰነበቱ?»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሐሙስ ከአጠገቡ አልነቃነቅ ያልኩት ምድጃ፣ ሐዘን ቤት የተሸከምኩት እንጀራ፣ ቅዳሜን ሙሉ «ተባረኪ» እያልኩ የሞቅሁት እሳት፣ ሁሉም ከዚያ ክምር ነው። ፍጉን ላስበትን መጥቼ ምድጃ ሥር ተቀምጬ አነደድኩት። በየሺ ተናደድኩ፣ በራሴ ተናደድኩ፣ እንዲህ ያለ ደግነት በፈጠረው አገርም ተናደድኩ። የምቆጣው ጠፍቶኝ ዓይኔ እንባ ሞላ።

የተረፈውን ዛቁ፤ ለጥቂት አህያ ጭነት እንኳ አልበቃም። ላይኛው ማሳ ወጣንና እሱን ከታች በትነን፣ የእኔን ጆንያ በአንደኛው ጥግ ላይ ረጨነው። የቀረው መሬት እንደ ዱሮው ማዳበሪያውን ብቻ ሊጠብቅ ነው። አፈሩን በእጄ ዘግኜ አየሁት፤ በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል የተባለው ሥራ ፀሐይ ሳትበረታ አለቀ፤ ደቦውም ቁልቁል ወርዶ ለመብል ተቀመጠ። ምግቡስ ምን ያደርጋል፣ አምሯል! ቄሱ ማዕዱን ባርከው «ሌማታችሁ አይጉደል፣ እሳታችሁ አይጥፋ» ሲሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ደሴም አሜን አለ። እኔ አላልኩም።

ማታ ደሴ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ምድጃው ቀዝቅዞ ነበር፤ እንዲነድ እኔ ከልክያለሁ፣ ጋቢ ተከናንቤ እንቀጠቀጣለሁ።

«በየሺ አይፍረዱ» አለኝ። «ጥፋቱ የእንጨት ማጣት ነው። ባህር ዛፍ ቢኖረን እንጨት ይኖረናል፤ ያኔ ፍጉ ለማሳው ይተርፋል።»

«ለየትኛው ማሳ፣ ደሴ? ባህር ዛፉ የሚተከለው እዚያው ማሳ ላይ አይደል?»

«እስቲ እናያለን እትዬ» አለ።

ማክሰኞ ስነሣ የሺ ስንቅ ዳቦ ደፍታ ጠበቀችኝ፤ ትኩስ ነው፣ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በምን እንደደፋችው አልጠየቅኳትም። አቅፋኝ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፤ ይቅር ተባባልን፤ ግን የተነጋገርነው ሁለታችንም ውስጥ አለ። ገሳይ መኪና ስጠብቅ ዳቦውን ቆርሼ አጠገቤ ላሉ መንገደኞች አካፈልኩ። «በኩበት የተጋገረ ዳቦ እንዲህ ይጣፍጣል» አሉኝ። እኔም በላሁ። ይጣፍጣል።

ደሴ የደወለልኝ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ድምፁ ደስ ብሎታል። ገብሱን አልዘራሁም አለኝ፤ ያቺን አፈር አይቶ ዘሩን ማባከን አሳዝኖት በሐምሌ ባህር ዛፍ ተክሎባታል። ችግኙ ይዟል። ከሁሉም ከሁሉም ያማረው ደግሞ ያ የእኔ የዶሮ ኩስ ያረፈበት ጥግ ላይ ያለው ነው፤ ከሌላው ይልቅ አንድ ክንድ ይበልጣል አለኝ፤ ሊያመሰግነኝ ነው።

«አይዞዎት እትዬ» አለ ከዚያ። «ሌላ ጊዜ ሲመጡ አይበርድዎትም። እንጨት አለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ደሴ» አልኩት። ስልኩን ዘጋሁና የዶሮ ቤቱን ጠረግኩ፤ ኩሱን በጆንያ ሞልቼ፣ የሚወስደው ሰው እስኪገኝ ደጅ አቆምኩት።